ጉንፋኑን ይዘን የምንገባው እኛ ነን

ባሕር ዳር ውስጥ የወለደች ሴትን ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይል የቀረ ጎረቤት ከርሞም ቢሆን ያፍራል። ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ቡና ይፈላል፤ ከሽምብጥ ሰፈርም ከበላይ ዘለቀ ሰፈርም ከገጠርም ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። አራስን ብቻዋን የማይተው ሕዝብ መሆናችን ትልቅ ነገር ነው። በሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ግን በየክረምቱ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ፤ ስለዚያም ዝም ማለት አልችልም። ትንፋሽ አጥሮት ተሸክመውት የሚመጡት ጨቅላ በሽታውን ያገኘው ብዙ ጊዜ አብዝተው ከሚወዱት ሰዎች እጅና ከንፈር ነው።

የሕፃናት ክፍላችን ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይሞላል። ዝናቡ ሲጠነክር፣ ከጣና የሚነሣው ርጥብ አየር ማለዳውን ሲያቀዘቅዘው፣ ሰው በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ምድጃ ሲከብ፣ የሚያስሉና የሚያቃስቱ ሕፃናት በባጃጅ፣ በአምቡላንስ፣ በእናታቸው ጀርባ ይመጣሉ። ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከሐሙሲት ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ አሉ፤ ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ አሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሲገባ ሌላ ዙር ይከተላል። በካርዳቸው ላይ የሚጻፈው «ከባድ የሳንባ ምች» ወይም «ብሮንኪዮላይትስ»፣ ማለትም የሳንባ ቀጫጭን ቱቦዎች እብጠት፣ ነው። ከጀርባው ያለው ግን በአብዛኛው ቫይረስ ነው፦ ኢንፍሉዌንዛ፣ ራይኖቫይረስ፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ፣ አዴኖቫይረስ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨቅላዎችን የሚያስቸግረው አር ኤስ ቪ የሚባለው ነው።

በዚህ ቫይረስ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ስሙን እንኳ የሰማ ወላጅ እምብዛም አላገኘሁም። መጀመሪያ የተገኘው በፈረንጆች 1956 (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) አሜሪካ ውስጥ ጉንፋን በያዛቸው ቺምፓንዚዎች ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሮበርት ቻኖክ የተባሉ ሐኪምና ተመራማሪ ከታመሙ ሕፃናት ላይ አገኙት፤ የሰው በሽታ መሆኑም ታወቀ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። አንዴ ይዞም አይተወንም፤ ዕድሜ ልካችንን ይመላለስብናል። ትልቅ ሰው ላይ ሲያርፍ አፍንጫ ያፈስሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ በሳምንት ያህል ያልፋል። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ይህ ቫይረስ 33 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ሳንባ ድረስ የዘለቀ ሕመም አስከትሏል፤ 3.6 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ሆስፒታል አስተኝቷል፤ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናትን ገድሏል። ከሟቾቹ ግማሽ የሚጠጉት ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። 97 ከመቶው ሞት የደረሰው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«ሳንባ ምች ከሆነ አንቲባዮቲክ ያድነዋል» የሚለው እምነት በሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በእኛ በባለሙያዎቹም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በአንድ ዘመን ብዙ እውነት ነበረበት። ኢትዮጵያ በ2007 አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ፔንታቫለንት ክትባት፣ በ2011 ደግሞ የኒሞኮከስ ክትባትን ስታስገባ ዋና ዋናዎቹ የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች ላይ ክንዷን አሳረፈች። ባክቴሪያው ሲገፋ ቫይረሱ ጎልቶ ታየ። በ2019 የታተመ፣ ሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮችን ያካተተ ትልቅ ጥናት በኤክስሬይ የታየ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን መርምሮ፣ ከአሥሩ በስድስቱ ላይ መንሥኤው ቫይረስ እንደሆነ ገምቷል፤ አር ኤስ ቪ ብቻውን ሲሶውን ያህል ይዟል። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልነበረችም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን ነበረች።

ብርዱ ራሱ አይደለም በሽታው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ። እናቶች «ውሽንፍር መትቶት ነው» ይሉኛል፤ አራቱን ጋቢ ደራርበው፣ ፊቱን ሸፍነው፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፈው ያመጡታል። ጥንቃቄያቸው ልቤን ይነካዋል፤ ግን በሽታው በመስኮት አይደለም የገባው። በዓለም ላይ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ የሆነው የኮሮና ዘመን ነው። በ2020 ሰው ከሰው ሲራራቅ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እጅ መታጠብ ሲበረታ፣ በብዙ አገሮች የአር ኤስ ቪ ወቅት ሳይመጣ ቀረ። ክረምቱ መጥቶ ነበር፤ ብርዱም እንደ ወትሮው ነበር፤ ቫይረሱ ግን መሻገሪያ አጣ። ሰው ተመልሶ ሲገናኝ አውስትራሊያ ውስጥ ወቅቱ ባልሆነ በበጋ ተነሣ። እኛ ዘንድ ዝናብና ብርድ የሚያደርጉት ዋና ነገር እኛን መሰብሰባቸው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ምድጃ ዙሪያ፣ አንድ መደብ ላይ።

ለምን ጨቅላውን እንደሚጥለውና ትልቁን እንደማይጥለው የሚያስረዳ ቀላል ስሌት አለ። የሕፃን የመተንፈሻ ቱቦ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን አንድ ሚሊሜትር ሲያብጥ የሚቀረው ሁለት ነው፤ አየር ማሳለፊያው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ አየሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበትም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ትልቅ ሰው ላይ ያው አንድ ሚሊሜትር እብጠት ድምፅ ከመጎርነን አያልፍም። ቫይረሱ ደግሞ ከዋናው ቱቦ ወርዶ እጅግ የቀጠኑትን ቅርንጫፎች ነው የሚያሳብጠው፤ የሞተው ሕዋስና ንፍጡ ተደባልቆ ይደፍናቸዋል። በዚያ ላይ ጨቅላ የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። አፍንጫው ሲዘጋ መጥባት አይችልም፤ ካልጠባ ይደክማል፤ ሲደክም ለመተንፈስ የሚሆን አቅም ያጣል።

አንዲት ሕፃን አስታውሳለሁ። ገና በሁለተኛ ወሯ ነበረች። እናቷ ከነጠላዋ ገልጣ ስታሳየኝ መጀመሪያ ያየሁት አፍንጫዋን ነበር፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰፋና ይጠባል። ልብሷን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ከጎድን አጥንቷ በታች ሆዷ ሲነፋ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታም አብራ ትገባለች። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ሕፃን አንዳንዴ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ያቆማል፤ ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያታልላል። ከሰባ አለፈ። የእግር ጣቷ ላይ የደም ኦክስጅን የሚለካውን የፐልስ ኦክሲሜትር ማሰሪያ ሳደርግ እግሯ ስለበረዳት ቁጥሩ ለመታየት ዘገየ። እናቷ ማሽኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው። «ትናንት ጠብታ ነበር፤ ዛሬ ጡቱን ትይዝና ታለቅሳለች» አለችኝ። ከሰጠችኝ መረጃ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ጡት ይዞ መልቀቅ፣ ሁለት ስቦ ማረፍ፣ ላብ ላብ ማለት፣ ከትንፋሽ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው። ልጅቷ ኦክስጅን ተደረገላት፤ ወተቷን ለጥቂት ቀናት በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ወሰደች፤ ድና ሄደች። ታላቅ ወንድሟ ከሳምንት በፊት ንፍጥ በንፍጥ እንደነበር እናቷ የነገረችኝ ሲወጡ ነው። ለማንም የሚነገር ጉዳይ አልመሰላትም ነበር።

ወላጆችን የሚያስከፋቸው ሕክምናው ነው፤ ትንሽ ስለሚመስል። በቫይረስ የሚመጣን ብሮንኪዮላይትስ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ስቴሮይድም አይጠቅምም። በአስም ጊዜ የሚረዳው የሚነፋው መድኃኒትም ለዚህ በመደበኛነት አይመከርም። የሚያድነው ኦክስጅን፣ ፈሳሽ፣ ምግብ፣ አፍንጫን በጨው ውሃ አለስልሶ መጥረግና ትዕግሥት ነው። ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እየከፋ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ቀን የመጣ ልጅ በማግሥቱ ቢብስበት ሐኪሙ አላወቀበትም ማለት አይደለም። «መርፌ እንኳ አልወጋችሁትም» የሚሉ አባቶች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በሬ ሸጠው መጥተው ልጃቸው አፍንጫ ላይ ቱቦ ብቻ ሲያዩ ምን ይበሉ? መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ቢያገኙ ግን ብዙዎቹ ይረዳሉ፤ ይህም ከእኛ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ኦክስጅን ትንሽ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከዙሪያችን ብዙ ወረዳዎች ደግሞ ከዚህም በላይ ናቸው፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ኦክስጅን መጠኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደ ልጅ ኦክስጅን ያስፈልገዋል ይላል። የልጅ ከንፈር እስኪጠቁር የጠበቀ ዘግይቷል፤ በዓይን የማይታየውን ያ ትንሽ ጣት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ያየዋል። አገራችን በ2016 ለሕክምና ኦክስጅንና ለፐልስ ኦክሲሜትር የተለየ ብሔራዊ ዕቅድ ማውጣቷ ከልብ ያስደሰተኝ ለዚህ ነው። ከዚያም ወዲህ ሌላ ደስታ መጥቷል። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ ሐኪሞች የሞከሩት ቀላል ዘዴ አለ፦ ልጁ የሚተነፍስበትን ቱቦ አንደኛውን ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት። አየሩ አረፋ እየሠራ ሲወጣ በሳንባው ውስጥ የተወሰነ ግፊት ይቀራል፤ ግፊቱም ትናንሾቹ ቱቦዎች እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። ቡብል ሲፓፕ ይባላል። ይህ ዘዴ በአገራችን በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች ተፈትሾ ውጤቱ በ2024 ታትሟል፤ በዘዴው የታከሙት ሕፃናት መካከል ሞት በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ያነሰ ነበር። ውድ ማሽን ሳይጠበቅ በወረዳ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ አጠገቡ ካለች።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ቫይረሱን ከቤት ይዘው ከሚመጡት ልጆች ሌላ፣ እዚሁ አልጋ ላይ የሚያገኙት አሉ። በምግብ እጥረት የተኛ፣ በልብ ሕመም የተኛ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ ኪሎ ሊጨምር የተኛ ልጅ መሻል ከጀመረ በኋላ በድንገት ያስላል። በክረምት ሁለት ልጅ በአንድ አልጋ የሚተኛበት ቀን አለ፤ አስታማሚዎች በአልጋዎቹ መካከል አንጥፈው ያድራሉ፤ አንዷ እናት ወደ መጸዳጃ ስትሄድ የጎረቤቷን ልጅ ሌላዋ ታቅፋለች። መተዛዘኑ ያስለቅሳል። ቫይረሱም በዚያው መተዛዘን ላይ ይሻገራል።

እንዴት እንደሚሻገር ካሮላይን ሆል የተባሉ አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር በ1981 ያሳተሙት ጥናት ግልጽ አድርጎታል። በአር ኤስ ቪ የታመሙ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ፈቃደኛ ሰዎችን በሦስት መደቡ። የመጀመሪያዎቹ ሕፃኑን አቅፈው ተንከባከቡ፤ ሁለተኛዎቹ ሕፃኑ በሌለበት አልጋውንና ዕቃውን ነካክተው አፍንጫና ዓይናቸውን ነኩ፤ ሦስተኛዎቹ ከሕፃኑ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ተቀመጡ። ካቀፉት 7 ሰዎች 5ቱ ተያዙ። ዕቃ ከነኩት 10 ሰዎች 4ቱ ተያዙ። ርቀው ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም አልተያዘም። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ግን ባነበብኩት ጊዜ የራሴ ክፍል በዓይኔ መጣ። ቫይረሱ በአልጋ ብረትና በጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። የእኔ እጅ አለች፣ የሐኪሙ ማዳመጫ አለ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞር የሙቀት መለኪያ አለ።

ይህም ሆኖ በሳሙና በቀላሉ የሚሞት ቫይረስ ነው። የሸፈነው ስስ ቅባት ስለሆነ ሳሙናም አልኮልም ይበታትነዋል። አዴኖቫይረስና ራይኖቫይረስ ግን ይህ ሽፋን የላቸውም፤ አልኮልን ይቋቋማሉ፤ ለእነርሱ ውሃና ሳሙና የተሻለ ነው። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። በአገራችን ትልቁ በሆነው ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ጀሪካን የምንጠብቅበት ተቋም አይቻለሁ። ሳሙና እንደ ቅንጦት ዕቃ በቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ አይቻለሁ። ጉንፋን የያዘው ባለሙያ «ቀላል ነው» ብሎ ጨቅላዎች መካከል ሲሠራ ይውላል፤ ተተኪ የለውም፤ ቢቀር የሚነካበት ደመወዝ አለ። ለዚህ ባለሙያ ቢያንስ ጭምብልና ከጨቅላዎቹ ክፍል ውጪ ያለ ሥራ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሥራ ተራ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ሐሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጠያቂዎችን መከልከል ግን መልስ አይመስለኝም። በዚህ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። በር ላይ ጥበቃ አቁሞ ዘመድን ማባረር እናቲቱን ያለ ምግብና ያለ እንቅልፍ ያስቀራታል፤ የደከመች እናት ደግሞ ወተቷ ይቀንሳል።

ባለፈው ክረምት አንዲት አያት ፔርሙስና በአገልግል የታሰረ ገንፎ ይዘው መጡ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ልጅ ልጃቸው ጎንበስ ሲሉ ደረስኩ።

«እናቴ፣ ጉንፋን ይዞዎታል» አልኳቸው።

«ቀላል ነው ልጄ፤ ትንሽ አፍንጫዬን ነው።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው። ለእሱ ግን ኦክስጅኑ ላይ ሌላ ሸክም ይሆንበታል።»

«እንግዲያ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ሳልስመው ልሂድ?»

«አይሂዱ። ልጅዎ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። እሷን ይዩልኝ።»

ዝም ብለው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ያቀበልኳቸውን ጭምብል አድርገው፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና ገንፎውን ያጎርሷት ጀመር። ልጅቱ አራት አምስት ጎርሳ በእናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሕፃኑን የሚጠብቀው ሰው ሌላ ዘመድ ሆነ። እኔ የምለው ይህንን ነው። ፍቅራችንን አንቀንስ፤ ወደ እናቲቱ እናዙረው። ሕፃኑ መሳምን አይፈልግም፤ ያረፈችና የበላች እናት ነው የሚፈልገው። እኛ ደግሞ ከማዕድ በፊት ታናሽ ተነሥቶ ማስታጠቢያ ይዞ የሚያስታጥብ ባህል ያለን ሰዎች ነን። ያ ማስታጠቢያ ከገንፎው በፊት ብቻ ሳይሆን ሕፃኑን ከመታቀፍ በፊትም ይዙር። ሳል ወይም ንፍጥ ያለበት ሰው ጥየቃውን ለጥቂት ቀን ያቆየው፤ ወይም ስንቁን በሌላ ይላከው። አብዛኛው ሰው ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ከሦስት እስከ ስምንት ቀን ነው፤ ጨቅላዎችና አቅማቸው የተዳከመ ግን እስከ አራት ሳምንት ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

ቤት ውስጥ ስላሉ ሌሎች ነገሮች በአጭሩ ልናገር። ሕፃን ሲያስል እንጥል ማስቆረጥ በአካባቢያችን አሁንም አለ፤ ደም አፍስሶ፣ ቁስል አመርቅዞ የሚገድል ነገር ነው፤ ለሳሉም ምንም አያደርግም። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ፤ ወደ ሳንባ የገባ ቅቤ ራሱን የቻለ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ጨምቆ በአፍንጫው ማንጠብጠብ ይቅር። የእንጨትና የኩበት ጢስ የሞላበት ክፍል ውስጥ ጨቅላ ማስተኛት ይቅር፤ ቢቻል ቡናውና ዕጣኑም ወደ ሌላ ክፍል ይውጣ። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ሕፃኑን ገላልጦ ማሞቅ ደግሞ ከምናስበው በላይ ዋጋ አለው። ሉሉ ሙሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት፣ በ1997 የታተመ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች ካልያዛቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጽሯል። በፀሐይ እጦት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ ከታመሙት በ210ሩ ላይ፣ ካልታመሙት ግን በ20ው ላይ ብቻ ተገኘ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ ደረቱን አንሥቶ በደንብ መተንፈስም ማሳልም አይችልም። ክረምቱን ሙሉ በጨለማ ጓዳ የተጠቀለለ ልጅ ሁሌ ይህን ጥናት ያስታውሰኛል።

ወደ ጤና ተቋም መሮጥ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ማንም ሊያውቀው ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 ከደረሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ከደረሰ፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ከደረሰ አትጠብቁ። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ተነሡ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ሳያስል፣ ሳያተኩሰው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ብቻ ሊታመም ስለሚችል ለእርሱ ቁጥርም አትጠብቁ።

የዚህ ዓይነት ወረርሽኝ ትዝታ በአገራችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ የምናቃጥለው በ1911 ዓ.ም. የገባውና የኅዳር በሽታ ያልነው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሺህ ሰው ስለጨረሰ ነው። አያቶቻችን ሰፈር ማጽዳታቸውን አከብራለሁ፤ በዚያ ዘመን በእጃቸው የነበረው እውቀት ይህ ነበር። ዛሬ ግን በኅዳር 12 ማግሥት ላስቲክና ጎማ የተቃጠለበት ጢስ ጉሮሯቸውን የዘጋባቸው ሕፃናት ይመጡልናል። ማጽዳቱ ይቀጥል፤ ማቃጠሉ ይቅር፤ ቢያንስ ጨቅላ ካለበት ቤት አጠገብ።

ስለ አር ኤስ ቪ ክትባት ሳልጽፍ ብዘጋው ደግሞ ጎዶሎ ይሆናል። ሳይንሱ እዚህ ለመድረስ ብዙ ተሠቃይቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ ለሕፃናት ተሰጥቶ ነበር። ክትባቱ በሽታውን አባሰው፤ ቫይረሱ በኋላ ሲይዛቸው ከተከተቡት ብዙዎቹ ሆስፒታል ተኙ፤ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ከዚያ በኋላ መስኩ ለአሥርት ዓመታት በፍርሃት ቀዘቀዘ። በ2013 ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃም የተባሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት ፕሮቲን ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅርጽ አሳዩ፤ ትክክለኛው ዒላማ ያ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2023 ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባት ተፈቀደ። እናቲቱ ትከተባለች፤ የሠራችው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ታጥቆ ይወለዳል። በዚያው ጊዜ ለጨቅላው በአንድ መርፌ የሚሰጥ ኒርሴቪማብ የተባለ የተዘጋጀ መከላከያም መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ከሁለቱ አንዱን እንዲያስገቡ መክሯል፤ የእናቶቹን ክትባትም ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ መስጠት ይቻላል ብሏል። በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ግን ገና አልገባም።

ሲገባ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል ብዬ አላስብም። ጥቂት ከመጣ ለየትኞቹ እናቶች ይቅደም የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ለሰኔ ነው ለጥቅምት ለሚወለዱት? ለከተማው ነው ጀልባ ጠብቀው ለሚመጡት? ይህን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚገምት ሰው ከእኛ የተሻለ አያውቅም፤ እኛም ያየነውን ካልጻፍን አናውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ለይተን አንመረምርም፤ የምርመራ መሣሪያው ውድ ነው። የመግቢያ መዝገቡ ግን አለ፤ ዕድሜው በወር ሳይሆን በሳምንት ቢጻፍ፣ ወረዳው ቢጻፍ፣ የገባበት ወር ቢጻፍ፣ ኦክስጅን መውሰድ አለመውሰዱ ቢጻፍ፣ ሌላ ሕመም ይዞት ተኝቶ እዚሁ ማሳል የጀመረው ተለይቶ ቢጻፍ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ የራሳችን ወቅት በወረቀት ላይ ይወጣል። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ይህን ከሰኔ ጀምረናል። ከሁሉም አምዶች ለመሙላት ያስቸገረን የመጨረሻው ነው፤ «ማሳል የጀመረው መቼ ነው?» ብለን ለመጠየቅ እናቲቱ አጠገብ መቀመጥ ይጠይቃል፤ በክረምት ሌሊት ደግሞ ለመቀመጥ ጊዜ የለም። ቢሆንም እየሞላነው ነው።